ያላየሁት አበባ

ላውረል ሸለቆ፣ ኖርዝ ካሮላይና
ሜይ 4፣ 1992

ለዶክተር ኢሌይን ቮስ፣

እንደምን ከረምሽ የኔ እመቤት? የሰሜኑ በረዶ ለቀቃችሁ ወይስ ገና ነው? እኔ፣ ተመስገን፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ እሳቴን ራሴ አነዳለሁ፣ ዶሮዎቼንም ራሴ እሰድባለሁ። ከዚህ በላይ የምትጠይቅ አሮጊት ስግብግብ ናት።

መልስ በማዘግየቴ ይቅር በይኝ። ፊደሎቼም ዱባ ዱባ አክለው መስመሩን ለቀው ሲሄዱ ብታዪ አትሳቂብኝ፤ እስክሪብቶው ነው። ለምን በሌላ ሰው እጅ አታስጽፊም ላልሽው፣ ወሬዬን ለሌላ ሰው ነግሬ ለአንቺ ምን ሊተርፍሽ ነው? ያለፈውን ደብዳቤሽን እንኳ ያነበበልኝ ሆባርት ነው። መነጽሬ ላይ ተቀመጥኩበት። ሆባርት ሌድፎርድ ማለት አክስት የሚለኝ ፖስታ አዳያችን ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ ሲያመላልስ ለራሱ አንድም አልመጣለትም፣ ስለዚህ የሰው ማንበብ ይወዳል።

የጠየቅሽኝ የዘንድሮ ዝርዝር ይኸውልሽ። ትንንሾቹ እንቁራሪቶች ማርች 2 ቀን ከኩሬው መጮህ ጀመሩ፤ በማግስቱ በረዶ ጣለ፣ እነሱ ግን አላቆሙም፣ ድርቅናቸው ደስ ይለኛል። ባለ ደሙ አበባ ማርች 19 ወጣ፤ አገዳውን ስሰብረው ቀዩ ደሙ በጣቴ ላይ ተጣበቀ። የዱር ሽንኩርቱ ማርች 27፤ ሽታው በራፌ ድረስ መጥቶ ጠራኝ። ኤፕሪል 6 ቀን ንቦቹ ከአሮጌው ዛፍ ቀዳዳ ወጥተው በጆሮዬ ሥር አለፉ።

ምንጩ ዳር ያለው ዛፌ፣ ዶግውዱ፣ ደግሞ ኤፕሪል 22 አበበ። አባቴ ከአበባው ጋር የሚመጣው የዶግውድ ብርድ ሳያልፍ በቆሎ የዘራ ሰው ሁለቴ ይዘራል ይል ነበር። ይኸው ዘንድሮም ሙቀቱ አታሎን ከርሞ፣ ኤፕሪል 22 ጠዋት ብርዱ ከተፍ አለ፣ አበባውም አብሮት መጣ። አበባውን በመጽሐፍ መሀል አድርቄ እንድልክልሽ ያልሽውን ግን አልቻልኩም። ዝናቡ አራገፈው።

ሆባርት ሰላም ይልሻል። መኪናውን አጥፍቶ በሩ ላይ ቆሟል፤ ቸኩዬ ነው።

አርቬላ ፕሬስኔል


ዱሉት፣ ሚኒሶታ
ሜይ 15፣ 1992

ውድ አክስት አርቬላ፣

ሆባርት እንደሚጠራዎት እኔም አክስት ብዬ ልጥራዎት። ፊትዎን አላየሁም፣ ግን ከአሥራ ስድስት ዓመት መጻጻፍ በኋላ ይህን ያህል መብት ያለኝ መሰለኝ።

ደብዳቤዎን ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀመጥኩና እንደገና አነበብኩት። ኤፕሪል 22 አበበ። አምና ደግሞ ኤፕሪል 19 ብለው ነበር። ይህ ለእኔ ምን እንደሆነ ልንገርዎት። ከኒው ዮርክ እስከ ጆርጂያ ዶግውድ እያለቀ ነው። በሽታው ቅጠሉን ያጠቁረዋል፣ ከታች ያሉትን ቅርንጫፎች ያደርቃል፣ በሁለት በሦስት ዓመት ዛፉን ይገድላል። በጥላና በውኃ ዳር ያለውን ደግሞ ፈጥኖ ይጨርሳል። በእናንተ ካውንቲ የደን ሠራተኞቹ ወንዝ ወንዙን ሄደው አንድ ጤነኛ ዛፍ አላገኙም። የእርስዎ ግን ምንጭ ዳር፣ ጥላ ውስጥ ቆሞ ሁለት ጸደይ አበበ! በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ በምድር ላይ ካለ፣ እርስዎ ደጅ ነው ያለው።

ለሦስት ቤተ ሙከራዎች ደውዬ ተናግሬያለሁ። ሴፕቴምበር ላይ፣ ፍሬው ሲቀላ፣ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር እመጣለሁ፤ ዘሩን ወስደን እናባዛዋለን። መጽሐፉም በመኸር ማተሚያ ቤት ይገባል፤ የአርባ ሦስት ጸደይ መዝገብዎ፣ በስምዎ፣ ዛፉ በመጀመሪያው ገጽ ላይ።

የክፍላችን ኃላፊ "የአሮጊት ካሌንደር ይዘሽ ሳይንስ ልትሠሪ ነው?" እያለ ሲያላግጥብኝ ኖሯል። ስሜን በእርስዎ ቃል ላይ አስይዤ ዝም አልኩት። አሁን እሱ ዝም ብሏል።

አንድ ነገር ነግሬዎት አላውቅም። የየጸደዩን ቀን የጻፉባቸውን ካሌንደሮች በበቆሎ ዱቄት ጆንያ ጠቅልለው የላኩልኝ ባሌን በቀበርኩ በሦስተኛው ሳምንት ነበር። ጆንያውን ስፈታ ዱቄቱ ጠረጴዛዬ ላይ ፈሰሰ። የመጀመሪያውን ገጽ ስገልጥ "ዛሬ ምንም አላበበም፤ ቢሆንም ወጣሁ" ይላል። በማግስቱ እኔም ወጣሁ። ውለታዎ ያለብኝ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ኢሌይን


ላውረል ሸለቆ
ሜይ 31፣ 1992

ኢሌይን ልጄ፣

ይህን የሚጽፈው ሆባርት ነው፤ ቃሉ ግን የኔ ነው። እኔ የምለውን እንጂ የራሱን እንዳይጨምር መጽሐፍ ቅዱስ አስይዤዋለሁ።

(አላስያዘችኝም። ሆባርት።)

ደብዳቤሽን ያነበበልኝ በሩ ላይ፣ ፖስታ ሣጥኑ ጋ ቆሞ ነው። ዘሩ፣ መጽሐፉ፣ የመጀመሪያው ገጽ እያለ ሲያነብ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈና፣ "የትኛው ዶግውድ ነው አክስት አርቬላ?" አለኝ።

"ስንት ዶግውድ አለኝ? ምንጩ ዳር ያለው ነዋ!"

"እሱማ ከሞተ ሁለት ዓመቱ። ከግንደ ቆርቁር በቀር ማን ይጎበኘዋል?"

"የሞተው ዓይንህ ነው!" አልኩት።

"የአንዳችን ዓይን እንደሞተስ እርግጥ ነው" አለኝ። ከዚያ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። 

ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ እንዳልምልልሽ፣ አድርጎታል። ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። መሀሉ ጠፍቶ ጠርዙ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ሰው ፊት ለፊት ሲቆም የማየው ጆሮውን ነው። መነጽሬ ላይ አልተቀመጥኩበትም። እስክሪብቶውም ደህና ነው። ባለ ደሙን አበባ በጣቴ፣ ሽንኩርቱን በአፍንጫዬ፣ እንቁራሪቱንና ንቡን በጆሮዬ ነው የያዝኳቸው፤ እነሱ እውነት ናቸው፣ ማይባቸው ብትዪኝ እምልባቸዋለሁ። ዶግውዱ ግን ከወንዙ ማዶ ነው። መሻገሪያው አንድ የተጋደመ ግንድ ነው፤ ካቻምና ገና እሻገረው ነበር፣ ከአምና ጀምሮ ግን ፈራሁት። አበባው ሽታ የለውም። ሽታ ቢኖረው ኖሮ አልዋሽሽም ነበር።

በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ ብርዱን ስጠብቅ ነበር። ብርዱ ሲመጣ፣ እንግዲህ አበባው መጥቷል ብዬ ጻፍኩ። አምናም እንዲሁ። አባቴ ካስተማረኝ ጀምሮ ሁለቱ ተለያይተው ያውቃሉ ብዬ አልጠረጠርኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ከትናንት ወዲያ ግንዱ ላይ ተቀምጬ፣ እንደ ሕፃን በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅኩ ተሻገርኩት። ሆባርት፣ ይኼን አትጻፈው።

(ጽፌዋለሁ። ወድቃ ቢሆን ኖሮ እስከ ሰኞ የሚያገኛት ሰው አልነበረም።)

ዛፉን አቀፍኩት። ልጡ በእጄ ላይ ተፈረፈረ። ቀጭኗን ቅርንጫፍ ለማጉበጥ ሳብ ሳደርጋት ቀጭ አለች። የሞተ እንጨት ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም። እዚያው ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ለዛፉ ይሁን ለራሴ አላውቅም።

ካሌንደሩን የጀመርኩት በ1950፣ አንድ ልጄን ቀብሬ ከቤት አልወጣም ባልኩበት ጊዜ ነው። አንድ ነገር አይቼ ሳልጽፍ አልተኛም ብዬ ራሴን በግድ አወጣሁ። አርባ አንድ ጸደይ አንድም ቀን አልዋሸሁም። ግን ሁለቴ የዋሸን ሰው አርባ አንዱን ማን ያምነዋል? አንቺ ደግሞ ስምሽን በእኔ ላይ አስይዘሻል። 

ስለዚህ ስሜን ከመጽሐፉ አውጪው፤ ካሌንደሮቹንም አቃጥያቸው። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፦ ለዲላርድ አትጻፊለት። ዲላርድ ያለኝ ብቸኛ የወንድም ልጅ ነው፤ ኖክስቪል ውስጥ የአዛውንቶች ቤት አልጋ አዘጋጅቶልኝ "በቃኝ ስትዪኝ" እያለ ይጠብቃል። የዓይኔን ነገር ከሰማ ሳልለው ይመጣል።

ይቅር በይኝ ልጄ።

አርቬላ

ተጨማሪ፦ አክስቴ ይህን ስታስጽፈኝ አልቅሳ ነበር፤ አላለቀስኩም በል ብላኛለች። ሆባርት።


ላውረል ሸለቆ
ጁላይ 15፣ 1992

ኢሌይን ልጄ፣

ደህና መሆንሽን ብቻ ልጠይቅ ነው። ስድስት ሳምንት ሆነው። ዝምታሽ ፍርድ ከሆነ ተቀብዬዋለሁ፤ ታመሽ ከሆነ ግን ንገሪኝና ሌላ ጭንቀት ልጨነቅ።

ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ልጽፍልሽ አይገባኝም፤ የሌሊቷ ፌንጣ ትናንት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። ጁላይ 14፣ እራት በልቼ ሳህኔን ሳጥብ። አንዷ ጀመረች፣ ሌላዋ ከጫካው መልሳ ሰደበቻት፣ ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ገባበት። አብሪ ትሎቹ ደግሞ በዓይኔ ጠርዝ በጠርዝ ይታዩኛል፤ ፊቴን ሳዞርላቸው ይጠፋሉ። ልይዛቸው ብዬ አንገቴ ተቀጨ።

ይኸን አትጻፊው። ለወሬ ያህል ነው።

አርቬላ

ዶክተር፣ ይህንን የምጽፈው ከፖስታው ጀርባ ነው፣ እሷ አታውቅም። በየቀኑ ቀይ ኮፍያዋን አድርጋ ሣጥኑ ጋ ቆማ ትጠብቀኛለች። "የለም" ማለት ሰልችቶኛል። ትናንት የማስታወቂያ ወረቀት ሰጠኋት፣ እጇን ባዶ ላለመመለስ ብዬ። እየዳሰሰች "የማን ነው?" አለችኝ። "የሳር ማጨጃ ነው" አልኳት። ስድብም ቢሆን ይላኩላት፣ ስድብ ትችላለች። ሆባርት ሌድፎርድ።


ዱሉት፣ ሚኒሶታ
ጁላይ 27፣ 1992

ውድ አክስት አርቬላ፣

አልታመምኩም። ተናድጄ ነበር። መዋሸት በእኛ መሀል እንዲያበቃ ስለፈለግኩ ነው በግልጽ የምነግርዎ።

ስልክ አንስቼ ለሦስቱም ቤተ ሙከራዎች "ዛፉ የለም" አልኩ። አንደኛዋ ሴት "ምን ማለትሽ ነው የለም?" አለችኝ። ኃላፊዬ "ብዬሽ ነበር" አላለም፤ ቢል ይሻለኝ ነበር፣ ቡና አቀረበልኝ። ቤት ገብቼ ካሌንደሮችዎን ከመደርደሪያ አውርጄ ወለሉ ላይ ዘረጋኋቸው። እውነቱን ልንገርዎ፣ የሌላውንም ውሸት ልፈልግ ነበር የተቀመጥኩት። አንድ የተበላሸ እንቁላል ያገኘ ሰው ቅርጫቱን ሁሉ ያሸታል።

እርስዎ በየዓመቱ ብርዱንም አበባውንም ጽፈዋል። ስለዚህ ቀኖቹን ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። ያለፉት ሁለት ዓመታት አበባና ብርድ በአንድ ቀን ነው የዋሉት። እንግዲህ ቤት ተቀምጠው የሚጽፉ ሰው ከነበሩ፣ አርባ አንዱም እንዲሁ ይገጥሙ ነበር።

አክስት አርቬላ፣ ከአርባ አንዱ የገጠሙት ሰባቱ ብቻ ናቸው።

በ1952 አበባው ብርዱን በዘጠኝ ቀን ቀድሞታል። በ1967 ብርዱ መጥቶ ከሄደ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ነው ያበበው። በ1958 ደግሞ በገዛ እጅዎ እንዲህ ይላል፦ "ብርዱ መጥቶ ሄደ፣ አበባው ዝር አላለም። አባባ ዋሽቷል፣ ነፍሱን ይማረው።" ይህንን ሳነብ ብቻዬን ወለል ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ፤ ንዴቴም የወጣልኝ ያኔ ነው። ሰው ከአባቱ ቃል ጋር የሚጣላ መዝገብ የሚጽፈው ወጥቶ ያየ እንደሆነ ብቻ ነው። አርባ አንድ ጸደይ በእግርዎ ሄደው አይተዋል። ይህን ሠንጠረዥ ለኃላፊዬ ሰጠሁት። ሦስት ቀን ይዞት ቆየና "የመጽሐፉን መግቢያ እኔ ልጻፈው?" አለኝ። አይሆንም አልኩት።

ስለዚህ ካሌንደር አይቃጠልም። እርስዎ ሳይነግሩኝ ሴፕቴምበር ላይ ሁለት ሰው ይዤ መጥቼ፣ በሞተ ዛፍ ሥር ቆሜ ቢሆን ኖሮ፣ አርባ አንዱም ያኔ በዓይኔ ፊት ይቃጠል ነበር። ያንን በመቀመጫዎ ተንፏቀው አዳኑት። እግዜር ይስጥልኝ። ደብዳቤውን ለማስጻፍ ምን ያህል እንደከበደዎት ከሆባርት የእጅ ጽሑፍ ሳይቀር ይታወቃል።

ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። መጀመሪያ፣ ለሁለቱ ጸደዮች ምን እንደምጽፍ ይንገሩኝ። ባዶ ልተወው እችላለሁ፤ "መረጃ የለም" ብዬም ልጽፍ እችላለሁ፤ ስምዎም እንዲወጣ ከፈለጉ ይወጣል። የእርስዎ መዝገብ ነው።

ሁለተኛ፣ ለዲላርድ አልጻፍኩለትም፣ አልጽፍለትምም። እርስዎ ይንገሩት። ለእኔ ለባዕዷ የነገሩኝን ለሥጋ ዘመድዎ ለመንገር አያቅትዎትም።

ስለ ፌንጣዋ ለወሬ ያህል ነው ብለውኛል። ጁላይ 14 ብዬ ጽፌዋለሁ። የሚሰማና የሚሸት ነገር የሚመዘግብ ሰው የለኝም፤ ሁሉም ዓይኑን ይዞ ነው የሚሮጠው።

የእርስዎ፣
ኢሌይን


ላውረል ሸለቆ
ኦገስት 18፣ 1992

ኢሌይን ልጄ፣

ሆባርት ደብዳቤሽን እያውለበለበ ነው የመጣው፤ የመኪናውን ጥሩምባ ከመታጠፊያው ጀምሮ ሲያናፋ ዶሮዎቼ እንቁላል ከለከሉኝ። ሁለቴ አስነበብኩት። "ሰባቱ ብቻ" የሚለው ጋ ሲደርስ፣ "ቆይ፣ ድገመው" አልኩት። ደገመው። በሳቅ ሞትኩ። አርባ ዓመት ሙሉ አባባ ተሳስቷል እያልኩ በገዛ እጄ ጽፌ፣ ዓይኔ ሲጠፋ ተመልሼ እሱኑ አመንኩት! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ወረቀቱ ከኔ ተሻለ። በ1958 ያልኩትን ረስቼው ነበር። ምን ያለ ባለጌ አፍ ነበረኝ።

(አሁንም አላት። ሆባርት።)

ስድስቱን ሳምንት ስለ ተናደድሽብኝ አመሰግንሻለሁ። አዝነሽልኝ "አይዞሽ፣ ምንም አይደል" ብትዪኝ ኖሮ አላምንሽም ነበር። ወለል ላይ ተቀምጠሽ አርባ አንዱንም የፈተሽሽልኝ፣ ያ ነው አንጀቴን ያራሰው። በሕይወቴ የጻፍኩትን ሁሉ ቁጭ ብሎ ያነበበ ሰው ካንቺ በቀር አልነበረኝም፤ እየተጠራጠርሽም ቢሆን አንብበሽዋል።

ለዲላርድ ነገርኩት። እሑድ ነበር የመጣው። ባቄላና የበቆሎ ቂጣ አቀረብኩለት፤ የሆዱን ሞልቼ ልንገረው ብዬ ነው። "ዲላርድ፣ አላይም" አልኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ቀኑን አላውቅም፤ ሦስት ዓመት በለው።"

"ሦስት ዓመት! እኔ መንገድ ላይ ስታልፊኝ ኮራሽብኝ ብዬ ነበር። ባለፈው ገና ከሩቅ እጄን ሳውለበልብልሽ እኮ ዘጋሽኝ!"

"አላየሁህማ!"

ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ፣ ከዚያ ሻንጣሽን አዘጋጂ አለኝ። እኔ በትሬን ይዤ ወጣሁ፤ ከኋላዬ ሲከተለኝ ይሰማኛል። ዶሮ ቤቱን አሳየሁት፣ ኩሬውን አሳየሁት፣ የዱር ሽንኩርቱን ቦታ፣ የንቡን ዛፍ። የቱም ጋ አልተደናቀፍኩም፤ እሱ ነው ሁለቴ የተደናቀፈው። ወንዙ ጋ ስንደርስ ግንዱን አይቶ፣ "በዚህ ነው የተሻገርሽው?" አለ። "በመቀመጫዬ" አልኩት።  ማክሰኞ የአናጺ መሣሪያውን ጭኖ ተመልሶ መጣና በሁለቱም በኩል የእጅ መደገፊያ ሠራልኝ፤ ሆባርት ምስማር አቀበለው፣ ግማሹን ወንዝ ውስጥ ጣለው። ዲላርድ "እስከ መጀመሪያው ውርጭ ትቆዪና ያኔ እንነጋገራለን" ብሎኛል። ሆባርት ደግሞ ደብዳቤ ኖረም አልኖረም በየቀኑ በሬን ሊያንኳኳ ቃል ገብቷል። የምለምነው እዚሁ መቆየትን ብቻ ነበር፣ ከለመንኩት በላይ ነው የተሰጠኝ።

እዚህ ሰው ፌንጣዋ ከጮኸች በዘጠናኛው ቀን ውርጭ ይመጣል ይላል። ያ ማለት ኦክቶበር 12 ነው። ተረት ውሸት ይሁን ብዬ ስጸልይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቀኑን እየቆጠርኩ ነው፤ የሆነውን እጽፍልሻለሁ፣ ቢጎዳኝም።

ሴፕቴምበር ላይ ዛፍ የለም፤ አንቺ ግን ነይ። ጆሮሽን ልየው።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ባዶ አትተዪው፤ ባዶ ያየ ሰው ወረቀቱ ጠፋ ይላል። "መረጃ የለም" የሚለውንም አልወድም፣ መረጃውማ አለ፣ እኔ ነኝ። ሆባርትን እስክሪብቶውን አምጣ ብዬዋለሁ።

(ከዚህ በታች ያለውን ራሷ ናት የጻፈችው። የካርቶን ቁራጭ መስመሩ ሥር ይዤላታለሁ። ሆባርት።)

1991። አላየሁም። አየሁ ብዬ ጻፍኩ።

1992። አላየሁም። አየሁ ብዬ ጻፍኩ።

ሜይ 29፣ 1992። ዛፉ ሞቷል። በእጄ ዳሰስኩት።

ስሜን አታውጪው። ሙሉውን ጻፊው።

አርቬላ ሜይ ፕሬስኔል